ቁልፉን ተረክበናል፤ ፍሳሹን ግን ማን ተረከበ?

ባላለቁ የግል ሪል እስቴት መንደሮች ስለ ፍሳሽ ኃላፊነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለ አንድ የግል ሪል እስቴት መንደር ውስጥ ነው። ቤቶቹን የሸጠልን ድርጅት ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ብረቱ እንዳፈጠጠ ትቶታል። በቤት ባለቤቶች ኮሚቴ ጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን መንገዱም የመንገድ መብራቱም አይደለም፤ ፍሳሹ ነው። ጎረቤቶቼ፣ የሌሎች መንደሮች ኮሚቴዎችና ውጭ አገር ሆነው ቤት የገዙ ሰዎች የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ መልሶቹን አንድ ቦታ አኖርኳቸው። ጠበቃ አይደለሁም። አንቀጽ የጠቀስኩት ለጠበቃችሁ ነገሩን ከየት ጀምራችሁ እንደምታስረዱ ለማሳየት ነው።

ቤቴን ፈርሜ ተረክቤያለሁ። የፍሳሽ መስመሩንና ማጣሪያውንም ተረከብኩ ማለት ነው?

አይደለም። ዝም ካላችሁ ግን እንደተረከባችሁ የሚናገርባችሁ አይጠፋም። እስቲ የርክክብ ቅጻችሁን አውጡና አንብቡት። በእኛ ቅጽ ላይ የበር እጀታ፣ የመስኮት መስታወት፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሳይቀር ተዘርዝሯል፤ ከግቢው አጥር ውጭ ስላለ ነገር ግን አንድ ቃል የለም። በርክክቡ ቀን የድርጅቱ ሠራተኛ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃ ለቀቀና «ይኸው ይወርዳል» አለኝ። ወርዶ የት እንደሚደርስ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ነገሩን በሦስት ከፍላችሁ እዩት። ከቤታችሁ እስከ ግቢያችሁ ማንሆል ያለው የእናንተ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት የመንደሩ የውስጥ መስመር፣ ማንሆሎቹ፣ ፓምፑና ማጣሪያው የጋራ ናቸው፤ የሚተላለፉትም ራሱን በቻለ ርክክብ ነው። ሦስተኛው ከመንደሩ በር ውጭ ያለው የከተማው ዋና መስመር ነው፤ ካለ። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው መሀለኛው ላይ ነው።

መሀለኛው ክፍል እስኪተላለፍ ድረስ ታዲያ ኃላፊው ማን ነው?

ሠርቶ ለማስረከብ ገንዘብ የተቀበለው አልሚ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2876፣ ገና ያልተሠራ ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የተገባ ውል በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚደረጉ የሥራ ውሎች በሚመሩባቸው ድንጋጌዎች እንደሚመራ ይናገራል። ይህ ደረቅ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይለውጣል፤ አልሚው ዕቃውን ሸጦ እጁን ያራገፈ ነጋዴ መሆኑ ይቀርና ሥራ የተቀበለ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ አንቀጽ 3039 ይመጣል፦ ሠሪው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅና አሠራርና ጽናት ዋስ ነው፤ ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ውላችሁ ላይ «ዋስትናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» የሚል ካገኛችሁ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ አትቀመጡ።

«መስመሩን የዘረጋው ሌላ ተቋራጭ ስለሆነ እሱን ጠይቁ» የሚል መልስም ይሰማል። እናንተ የተዋዋላችሁት ከአልሚው ጋር ነው፤ እሱ ከተቋራጩ ጋር ያለውን ሂሳብ ራሱ ይጨርስ።

ዋስትናው ግን ሁሉን አይሸፍንም። ቱቦው ተዳፋቱ ተገልብጦ ከተቀበረ ግልጽ የአሠራር ጉድለት ነው። ለአራት ዓመት ግራሶ ያላየ ፓምፕ ሲቃጠል ግን «መንከባከብ የነበረበት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ርክክብ ነበር አልነበረም ወደሚለው ይመልሰናል።

ርክክብ እንዳልተደረገ በምን አስረዳለሁ?

በመጀመሪያ የማጣሪያው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነ እዩ። የእኛ እስከ ዛሬ በድርጅቱ ስም ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘንም። ቀጥሎ ቁልፉ። የእኛ ማጣሪያ ቁልፍ በጥበቃ ቤቱ ምስማር ላይ በቀይ ክር ታስሮ፣ እንዳይጠፋ የቆርኪ ክዳን ተንጠልጥሎበት ለዓመታት ኖሯል። የጥበቃዎቹን ደመወዝ ይከፍል የነበረው ድርጅቱ ነውና ቁልፉም በእሱ እጅ እንደነበረ ለማስረዳት አላስቸገረንም።

ከዚያ በኋላ ጻፉ። በቃል የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ነው። የተበላሸውን፣ የታየበትን ቀንና እንዲጠገን የምትሰጡትን ጊዜ ዘርዝራችሁ ለድርጅቱ ደብዳቤ አስገቡ፤ ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ቢሮው ተዘግቶ ከሆነ በአደራ ፖስታ ላኩት። በግልባጭ ለወረዳው፣ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና ለውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ይድረስ። ግልባጩን ማንም ባያነበው እንኳ መዝገብ ቤት መተኛቱ አንድ ቀን ይጠቅማል።

አንድ ስሕተት ሠርተናልና ተጠንቀቁ። ፓምፑ ሲቆም ገንዘብ አዋጥተን አስጠገንነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ሥራው የድርጅቱ ግዴታ ሆኖ ሳለ ጤናችንን ለመከላከል በጊዜያዊነት ያደረግነው ነው፤ ወጪውን እንጠይቃለን» ብለን አልጻፍንም። በኋላ ድርጅቱ ደረሰኛችንን እያሳየ «ተረክበው ሲያስተዳድሩት የኖሩ ናቸው» አለን።

የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ለምን አይረከበንም?

ይህን ጥያቄ በቁጣ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ንጹሑን ውኃ በቆጣሪ የሸጠልን መሥሪያ ቤት ቆሻሻውን የማይወስደው ለምንድን ነው?

ባለሥልጣኑ የሚያስተዳድረው ራሱ የዘረጋውን ወይም መርምሮ የተቀበለውን መስመር ነው። የከተማው ዋና ዋና መስመሮች የመሬቱን አቀማመጥ ይከተላሉ፤ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል ነው። ብዙው ፍሳሽ የሚያርፈው ቃሊቲ ነው። እዚያ የነበረው አሮጌው ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል ለመቀበል የተሠራ የኩሬዎች ስብስብ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ ተገንብቷል። ሆኖም ማጣሪያው ቢሰፋም መስመሩ መንደራችሁ በር ካልደረሰ ለእናንተ ያው ነው። መንደራችሁ ከዋናው መስመር ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ ፓምፕ የግድ ነው፤ ፓምፕ ያለበት ነገር ሁሉ ሠራተኛ፣ መብራትና መለዋወጫ ይፈልጋል። ማንም መሥሪያ ቤት ይህን ወጪ በደስታ አይቀበልም።

«በኮንዶሚኒየም ሳይቶች ያሉትን ማጣሪያዎች ያስተዳድር የለም ወይ?» ይላሉ። አዎ፣ የሚያስተዳድራቸው አሉ። እነዚያ ግን በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የመንግሥት ሀብት ናቸው። የእኛ በወረቀት ላይ የግል ድርጅት ንብረት ነው።

እንዲቀበላችሁ መጠየቅ ግን ትችላላችሁ፤ ስትጠይቁም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አዝ ቢልት የሚባለውን፣ መስመሩ በእርግጥ የተቀበረበትን ቦታ፣ የቱቦውን ስፋት፣ የእያንዳንዱን ማንሆል ጥልቀት የሚያሳየውን ንድፍ ያዙ። ፈቃድ ሲወጣ የጸደቀው ፕላን በቂ አይደለም፤ በፕላኑና በመሬቱ መካከል ብዙ ጊዜ ሰማይና ምድር ነው። ንድፉ ከሌለ ቀያሽ ቀጥራችሁ አሠሩት። እኛ ስናሠራ በወረቀቱ ላይ ያሉ ሦስት ማንሆሎች መሬት ላይ የሉም፤ መሬት ላይ ያለ አንድ ማንሆል ደግሞ በወረቀቱ የለም።

መንደራችሁ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ወገን ከሆነ የምትሄዱበት ቢሮ የአዲስ አበባው አይደለም። እነዚህ አካባቢዎች በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ገዢዎች ደብዳቤያቸውን ወደተሳሳተው መሥሪያ ቤት እየላኩ ወራት ሲያባክኑ አይቻለሁ፤ ማስታወቂያው «አዲስ አበባ» ስለሚል ነው።

ማጣሪያ አለን፤ ግን ይሸታል። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት አልተበላሸም፤ ተርቦ ይሆናል።

አብዛኞቹ የመንደር ማጣሪያዎች የሚሠሩት በሕያዋን ነው። ፍሳሹ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ብሎወር የሚባለው መሣሪያ ከሥር አየር ይነፋበታል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይመገቡታል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ገንዳ ተያይዘው ይዘቅጡና ከላይ የጠራው ይወጣል። ተሕዋስያኑ ምግብና አየር ይፈልጋሉ፤ ባላለቀ መንደር ደግሞ ሁለቱም ይጓደሉባቸዋል። ለ400 ቤት የተለካ ማጣሪያ የ70 ቤት ፍሳሽ ብቻ ሲገባበት ተሕዋስያኑ ይራባሉ፣ ይሳሳሉ፣ አይዘቅጡም። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ከሌለ አየሩ ይቆማል። በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሟሙቶ እንዲኖር ነው የሚፈለገው፤ ብሎወሩ ከቆመ ይህ ቶሎ ያልቃል፤ ያለ አየር የሚኖሩት ሌሎቹ ተሕዋስያን ቦታውን ይወርሱታል። ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የእነርሱ ሥራ ነው።

ብሎወሩ ሲሠራ ከሩቅ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ እንቅልፍ ነሣን ብለን አቤቱታ ጽፈን ነበር። አንድ የጥቅምት ምሽት ድንገት ዝም አለ፤ ድርጅቱ የመብራት ሂሳብ ባለመክፈሉ ተቆርጦ ነው። በሦስተኛው ቀን መስኮት የሚከፍት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ድምፁ ያማረረ የለም።

ቱቦውም የተለካው ለሙሉ መንደር ነው። ፍሳሽ ቱቦውን እያጠበ እንዲሄድ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልገዋል። በሰፊ ቱቦ ጥቂት ውኃ ሲለቀቅ ውኃው ያልፋል፣ ደረቁ ይቀራል። በዚያ ላይ የወጥ ቅባት፣ የቡና አተላ፣ ዳይፐር ሲጨመርበት ድርጅቱን ብቻ መውቀስ ያሳፍራል። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። አሸንዳቸውን ከፍሳሽ ማንሆል ጋር ያገናኙ ቤቶች ሐምሌ ላይ የጣሪያቸውን ዝናብ በሙሉ ወደ ማጣሪያው ይልካሉ፤ የታችኛው ቤት ማንሆል ክዳኑን ያነሣል፤ ተሕዋስያኑም ታጥበው ይሄዳሉ። አሸንዳችሁን አላቁ፤ ይህ የማንንም ፈቃድና ውሳኔ አይጠብቅም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ይቀላል። ገንዳው በሁለት ጎን ከተሠራ አንዱን ዘግቶ ግማሹን ብቻ ማሠራት፣ ብሎወሩን በሰዓት መቆጣጠሪያ ማፈራረቅ፣ በደኅና ከሚሠራ ሌላ ማጣሪያ ሕያው ዝቃጭ አስመጥቶ እንደ እርሾ መጨመር ይቻላል። እርሾ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አሠራሩ ከእንጀራ ሊጥ ብዙም አይርቅም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ግን በቋሚነት ያስፈልጋል። ጥበቃው ማብሪያውን እያበራና እያጠፋ የሚያሠራው ማጣሪያ ዕድሜ የለውም።

እኛ ማጣሪያ የለንም፤ ትልቅ ሴፕቲክ ታንክ ብቻ ነው ያለው።

ሴፕቲክ ታንክ ደረቁን ከፈሳሹ መለያ እንጂ ማጣሪያ አይደለም። ፈሳሹ መሬት ውስጥ መስረግ አለበት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ ወገን ያለው መሬት ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል፣ ውኃ አያሰርግም። ስለዚህ በሁለት ወይም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ መመጠጥ የነበረበት ታንክ በየሳምንቱ መኪና ይጠራል። አልሚው ከመቆፈሩ በፊት የአፈር ምርመራ አድርጎ እንደነበር ጠይቁ፤ ካላደረገ ያው የአሠራር ጉድለት ነው። መምጠጫ መኪና ስትጠሩም የት እንደሚደፋ ጠይቁ። ቃሊቲና ኮተቤ የተፈቀዱ መድፊያዎች አሉ፤ በሌሊት ወንዝ ዳር የሚደፋው ግን ዋጋው ቅናሽ ነው።

ድርጅቱ ጠፍቷል። ከስሯል ይባላል። አሁንስ?

«ጠፋ» እና «ከሰረ» ለየብቻ ናቸው። ቢሮው ቢዘጋም ድርጅቱ ከንግድ መዝገብ ካልተሠረዘ ይከሰሳል። ፍርድ ቤት ኪሳራ ካወጀበት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ መሠረት ገንዘብ ጠያቂዎች መጠየቂያቸውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያቀርባሉ። የማጣሪያው ማስጨረሻ ወጪ በባለሙያ ተገምቶ እንደ ማንኛውም ዕዳ መቅረብ አለበት። ባንኮች ወዲያው ይቀርባሉ፤ ነዋሪዎች ግን ፍሳሽ እንደ ዕዳ እንደሚቆጠር ስለማያስቡ ይቀራሉ።

በራሳችሁ ገንዘብ ከመጨረሳችሁ በፊት፣ ግዴታውን ያልፈጸመው ወገን መሥራት የነበረበትን በእሱ ወጪ ለማሠራት ፍርድ ቤቱ እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ። ቀሪ ክፍያ ያለባችሁም ጠበቃ ሳታማክሩ «አልከፍልም» ብላችሁ አትቁሙ፤ ውል አፍራሽ ተብላችሁ እናንተው እንዳትከሰሱ።

ብዙ ሰው የማያየው አደጋ አንድ አለ። ፍሳሽ ቁልቁል ስለሚሄድ ማጣሪያው ሁልጊዜ የሚሠራው በመንደሩ ዝቅተኛ ጥግ ነው። ያ ጥግ አብዛኛውን ጊዜ ካልለማው የድርጅቱ ይዞታ ጋር አንድ ካርታ ላይ ነው ያለው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጊዜ ገደቡ ያልተገነባ ቦታ ውሉ ተቋርጦ ሊመለስ ይችላል። ከተማው ያልለማውን መሬት ሲወስድ ማጣሪያችሁ አብሮ እንዳይሄድ፣ ቦታው የጋራ አገልግሎት መሆኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ለክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አመልክቱ። እኛ ነገሩን ያወቅነው ቀያሾች ችካል ሲተክሉ አይተን ነው።

ማኅበር ማቋቋም ግዴታችን ነው?

ቤታችሁ አፓርታማ ወይም ተያይዞ የተሠራ ረድፍ ቤት ከሆነ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይመለከታችኋል። አዋጁ አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችን ይሸፍናል፤ የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው፤ ወጪውም በድርሻ ይደለደላል። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ፓምፑ አይነካኝም» የሚል ጎረቤት መልሱን እዚያ ያገኘዋል።

ለየብቻ የቆሙ ቪላዎች ከሆኑ ግን አዋጁ አይደርስላችሁም። በፈቃድ ማኅበር መመሥረት፣ ደንብ ማጽደቅ፣ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ይኖርባችኋል። የብዙ ቪላ መንደሮች ፍሳሽ ዛሬ ያለው በእድር እጅ ነው። እድር ለለቅሶ የሚያዋጣውን ሰው አዋጥቶ ፓምፕ ያስጠግናል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ውል ተዋውሎ ማጣሪያ ለመረከብና ለመክሰስ ግን ሌላ ቁመና ያስፈልጋል።

ፍሳሹ ሞልቶ ወደ ታችኛው ሰፈርና ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። የሚጠየቀው ማን ነው?

ሲወርድ የተገኘበት ሁሉ ይጠየቃል። «ጥፋቱ የአልሚው ነው» ማለት ከታች ላለው ሰው መልስ አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ያዛል፤ በካይ ማጽጃውን ወጪ ይሸከማል።

የዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 ከሁሉ የምወደው ነው። ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከታች ያለ ሰው እናንተን ከመክሰሱ በፊት እናንተ ቀድማችሁ አልሚው ላይ አቤት በሉበት። ከተማው ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ወንዝ በሚበክሉት ላይ ቅጣቱን አጥብቋል፤ የቅጣት ወረቀቱ የሚመጣው ደግሞ በሩ ላይ ሰው ወደሚገኝበት እንጂ ቢሮውን ዘግቶ ወደሄደው አይደለም።

ከእኛ መንደር የሚወርደው ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ጎመን የሚያጠጡበት ሰዎች አሉ። ያን ጎመን ደግሞ እኛው ከገበያ ገዝተን እንበላዋለን።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ምን ላድርግ?

ውክልናችሁን አንብቡት። ብዙው ውክልና «ቤቱን ይረከብልኝ» ይላል፤ ወኪሉ እኅት ወይም አጎት ይሆናል፤ ቀለሙንና ቁልፉን አይቶ ይፈርማል። ውክልናው ላይ የጋራ መገልገያዎች ርክክብ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይፈረም አስጽፉ፤ በባለቤቶች ስብሰባ ድምፅ የመስጠት ሥልጣንም ጨምሩ። ባለቤቶቹ ሁሉ ውጭ በሆኑበት መንደር ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሞላ ምንም አይወሰንም፤ ባዶ ቤቶቹም ለማጣሪያው ፍሳሽ ስለማይልኩ እዚያም እዚህም ተጎጂ ነን። በርቀት ያላችሁ የወር መዋጮውን ብትከፍሉ ግማሹን መንገድ አገዛችሁን ማለት ነው።

ለመግዛት እያሰብኩ ነው። ምን ልመልከት?

ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር በቀን አትሂዱ፤ ብቻችሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱ። ሰው ሁሉ ምግብ አብስሎ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ገላውን ታጥቦ ፍሳሹ የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ሽታ ካለ ይታወቃችኋል። ወደ ዝቅተኛው ጥግ ውረዱ። ማጣሪያው የሚሠራ ከሆነ ድምፅ አለው። ጥበቃውን «ሰሞኑን መምጠጫ መኪና መጥቶ ነበር?» በሉት፤ ጥበቃ አይዋሽም። ከዚያ ውሉ ላይ ማጣሪያው የሚያልቅበት ቀን፣ ሳያልቅ ቢቀር የሚያዝ ገንዘብ፣ ለማን እንደሚተላለፍና እስከዚያ የመብራት ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል እንዲጻፍ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋልና ጠበቃችሁ ውሉን ከእሱ ጋር ያመሳክረው።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል?

አየርላንድ ላይ ደርሷል። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቤት ገበያቸው ሲወድቅ አልሚዎች መንደሮችን እንዳሉ ጥለው ሄዱ፤ በ2010 መንግሥት ሲቆጥር ከ2,800 በላይ ያላለቁ መንደሮች ተገኙ። ብዙዎቹ የራሳቸው ትንንሽ ማጣሪያ ነበራቸው፤ ሽታውም ጭቅጭቁም እንደኛው ነበር። ሁለት ነገር ግን ነበራቸው። አንደኛው፣ አልሚው የግንባታ ፈቃድ ሲወስድ ለመንገድና ለፍሳሽ ማስጨረሻ የሚሆን ዋስትና ለአካባቢው አስተዳደር እንዲያስይዝ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ ነዋሪዎች አስተዳደሩ መንደሩን እንዲረከብ የሚጠይቁበትን ሥርዓት አስቀምጦላቸዋል። ዋስትናው በብዙ ቦታ አልበቃም፤ ርክክቡም ዓመታት ፈጀ። እኔ የምቀናው ግን የሚያንኳኩት በር ስላላቸው ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከአልሚው የማጣሪያ ማስያዣ ቢቀበል ኖሮ እዚህ የጻፍኩት ግማሹ አያስፈልግም ነበር።

ማንሆሉ ተደፍኗል። የቀን ሠራተኛ ገብቶ ይጥረገው?

በፍጹም። በተዘጋ ማንሆልና ታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል፤ ከታች ይተኛል። መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ የገባው ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፤ ከዚያ ይወድቃል። እሱን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛው ሰው ደግሞ ላዩ ላይ ይወድቃል። በገመድና በረጅም ዘንግ ከላይ ሆኖ መሥራት ወይም ግፊት ያለው ውኃ የሚረጭ መኪና መጥራት ነው። ክዳኑንም ክፍት ትታችሁ አትሂዱ፤ ልጆች አሉ።

የእናንተ መንደር ነገር የት ደረሰ?

ከሁለቱ ብሎወሮች አንዱ ይሠራል። ባለሙያ በወር ሁለት ቀን ይመጣል። ማኅበሩ ተመዝግቧል፤ ክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀጥሯል። ቁልፉ ከምስማሩ ወርዶ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ «ለጊዜያዊ ጥገና ብቻ» የሚል ወረቀት ፈርሜበት ነው የያዝኩት። የመብራት ሂሳቡን እኛ እንከፍላለን፤ ደረሰኙ ግን በየወሩ በድርጅቱ ስም ይወጣል፤ ስሙ እንዲዞር አልጠየቅንም፤ አንጠይቅምም።